ከዲኤክስ እስከ ሃይብሪድ፦ ኮሮላ ያው ኮሮላ ናት?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «አባቴ እስከ ዛሬ የሚነዱት ዲኤክስ ነው። እኔ ደግሞ ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜ ኮሮላ ልገዛ እያሰብኩ ነው። አባቴ ‹የአሁኑ ኮሮላ ስሙ ብቻ ነው የቀረው፤ የድሮው ብረት፣ የአሁኑ ቆርቆሮ› ይሉኛል። እውነታቸውን ነው? ከትውልድ ትውልድ ምን ተቀየረ? እኔስ የትኛውን ብገዛ ይሻለኛል?»

አባትህ እስከ ግማሽ መንገድ ልክ ናቸው። ከመጀመሪያዋ ኮሮላ ወደ ዛሬዋ የተሻገረ አንድ ብሎን እንኳ የለም። ሞተሩ ሌላ ነው። መኪናዋን የሚገፋው ጎማ ሌላ ነው። ስፋቱም ክብደቱም ሌላ ነው። በብረትና ቆርቆሮው ነገር ግን አልስማማም። ይሄኛው ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ስለሆነ ወደታች ረዘም አድርጌ እመለስበታለሁ።

ከአካሏ ይልቅ ሳይቀየር የቆየው የአሠራር ልማዷ ነው። ኮሮላ በምንም ነገር አንደኛ ለመውጣት የተሠራች መኪና አይደለችም። በምንም ነገር ላለመውደቅ የተሠራች ናት። ይህን ከያዝክ ከ1966 እስከ ዛሬ የሆነው ነገር ሁሉ መልክ ይይዝልሃል። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ልማድ የተከሉት የመጀመሪያዋ ኮሮላ ዋና መሐንዲስ ታትሱዎ ሃሴጋዋ ናቸው። ሃሴጋዋ የአውሮፕላን ሰው ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታቺካዋ በሚባል ኩባንያ ውስጥ በከፍታ የሚበር ተዋጊ አውሮፕላን ይነድፉ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ጃፓን አውሮፕላን እንዳትሠራ ተከለከለች። ሥራ ያጡት መሐንዲሶች ወደ መኪና ፋብሪካዎች ተበተኑ። ሃሴጋዋም ቶዮታ ገቡ።

ከኮሮላ በፊት ፑብሊካ የምትባል ትንሽ መኪና ሠርተው ነበር። በ1961 ወጣች። ሞተሯ 700 ሲሲ ገደማ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። ተራው ሰው እንዲገዛት ተብሎ ሁሉም ነገር ተቀነሰባት። ሬዲዮ የላት፣ ማሞቂያ የላት። ዋጋዋ በእርግጥ ዝቅተኛ ነበር። ሕዝቡ ግን እንደታሰበው አልገዛትም። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የሚገዛ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ ነው የሚያወጣው። ጎረቤት ፊት ድሃ የምታስመስል መኪና አይፈልግም። ይህ ለሃሴጋዋ ትልቅ ትምህርት ሆነ።

ስለዚህ ኮሮላን ሲጀምሩ «80 ነጥብ እና ትንሽ ጭማሪ» የሚል መመሪያ አወጡ። መኪናዋ በሁሉም ነገር ከመቶ 80 ታምጣ። በምቾት፣ በነዳጅ፣ በፍጥነት፣ በዋጋ፣ በጥንካሬ፣ በመልክ። በአንዱ 100 አምጥታ በሌላው 50 ካመጣች ወድቃለች። ነገር ግን ሁሉም ነገር 80 ብቻ ከሆነ ሰው ልቡ አይነሳሳም። ስለዚህ ገዢውን የሚያስደስት፣ ከ80 የሚያልፍ አንድ ነገር ይኑራት።

ያ ጭማሪ በ1966 ሦስት መልክ ነበረው። አንዱ ማርሹ ነው። በጊዜው ጃፓን ውስጥ ማርሽ ከመሪው ሥር ነበር የሚገኘው። ወለል ላይ ያለ ማርሽ የጭነት መኪና ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። ሃሴጋዋ ወለል ላይ፣ ያውም ባለ አራት አደረጉት። ሁለተኛው የፊት እግሯ ነው። ማክፈርሰን የሚባለውን፣ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ የተገጠሙበትን አሠራር አመጡላት። ለቶዮታ አዲስ ነገር ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ ያለ ትንሽ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛው የታወቀው የ100 ሲሲ ታሪክ ነው። ኮሮላ መጀመሪያ የታሰበችው በ1,000 ሲሲ ሞተር ነበር። በዚያው ዓመት ኒሳን ሰኒ የምትባለዋን መኪና በ1,000 ሲሲ አወጣ። ቶዮታ የመጨረሻ ሰዓት ላይ ሞተሩን ወደ 1,077 ሲሲ አሳደገው። ኃይሉ 60 የፈረስ ጉልበት ሆነ። በማስታወቂያም «100 ሲሲ ተጨማሪ» ብሎ ሸጠው። የሁለቱ መኪኖች ፉክክር የጃፓንን ተራ ቤተሰብ ባለመኪና ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ቶዮታ ታካኦካ የሚባለውን ፋብሪካ ያቆመውም ለዚህች መኪና ብሎ ነው።

ያቺ ኢ10 የምትባለው ትውልድ ክብደቷ 700 ኪሎ ገደማ ነበር። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ84 ሳንቲም፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ48 ሳንቲም። የዛሬዋ ሴዳን 4 ሜትር ከ63 ትረዝማለች፤ 1 ሜትር ከ78 ትሰፋለች። ክብደቷ ደግሞ እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀራት። የመጀመሪያዋን ዛሬ ከቪትዝ ጎን ብታቆማት በስፋት ታንሳለች።

ሁለተኛውን ትውልድ (1970) እና ሦስተኛውን (1974) ቶሎ ልለፋቸው። መኪናዋ ትንሽ ሰፋች፤ ሞተሮቹ ከፍ አሉ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። አሜሪካኖች ከትልልቅ መኪኖቻቸው ወርደው ትንሽ መኪና ፍለጋ ወጡ። ኮሮላ ደጃፋቸው ላይ ቆማ ነበር። የዓለም ገበያ የተከፈተላት ያኔ ነው።

አሁን ወደ አባትህ መኪና እንምጣ።

ዲኤክስ የምንላት አራተኛው ትውልድ ናት፤ የፋብሪካ መለያዋ ኢ70። በመጋቢት 1979 ወጣች። ዲኤክስ የሚለው ከኋላ የተለጠፈው የደረጃ ምልክት ነው። እኛ አገር ግን የመኪናዋ ስም ሆኖ ቀረ። ይህች መኪና ኢትዮጵያ ውስጥ ከመንግሥት ለውጥ በላይ ኖራለች። ቤተሰብ አስተዳድራለች፣ ሙሽራ አጅባለች፣ ታክሲ ሆናለች። አሁን ደግሞ ወጣቶች ቸርኬ ቀይረው፣ ቀለም ቀብተው ያሳምሯታል። ፍቅሩ ይገባኛል። እኔም እወዳታለሁ።

ጥንካሬዋ ግን ከቆርቆሮው ውፍረት የመጣ አይደለም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥንካሬዋ ከቀላልነቷ ነው።

ብዙዎቹ 4ኬ የሚባለውን ሞተር ነው የያዙት፤ 1,290 ሲሲ። ይህ ሞተር የመጀመሪያዋ ኮሮላ ሞተር ቀጥተኛ ልጅ ነው። ብሎኩ ከብረት የተቀለጠ ነው። ካምሻፍቱ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ሳይሆን ታች ብሎኩ ውስጥ ነው ያለው፤ ቫልቮቹን በዘንግ እየገፋ ይከፍታቸዋል። ታይሚንጉ፣ ማለትም ካምሻፍቱን ከሞተሩ ጋር አስማምቶ የሚያዞረው፣ በካቴና ነው። ኮፈኑን ስትከፍት ሞተሩ መሀል ላይ በርዝመቱ ተኝቷል። ግራና ቀኙ ባዶ ቦታ ነው። እጅህ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ካንዴላ ለመቀየር ሌላ ነገር መፍታት የለብህም። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር ጎበዝ መካኒክ መንገድ ዳር ፈትቶ፣ አጥቦ፣ መልሶ ይገጥመዋል። ኮምፒውተር የለም፤ ሴንሰር የለም።

በዚያ ላይ የምትነዳው በኋላ ጎማ ነው። የፊት ጎማዎቿ መሪ ከመታዘዝ ውጭ ሥራ የላቸውም። በፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች ላይ ሴሚአክሱን (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) የሚሸፍን የላስቲክ ኮፍያ አለ። ኮረኮንች ላይ ያ ላስቲክ ይቀደዳል፤ ግራሶው ይፈስሳል፤ አቧራ ይገባል፤ ከዚያ መሪ ስታዞር ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ዲኤክስ ይህ ጣጣ የለባትም። ክሮቸራዋ (የረጅሙ ዘንግ መጋጠሚያ) ቢበላ ሶማሌ ተራ ሄደህ ገዝተህ ታስገጥማለህ። አባትህ «ብረት» የሚሉት ይህን ሁሉ ነው። በዚህ በኩል ልክ ናቸው። በጥገና ቀላልነት ከዚያ በኋላ የመጣ ኮሮላ አይደርስባትም።

ታዲያ ቶዮታ ይህን ለምን ተወው?

በ1979 ሁለተኛው የነዳጅ ቀውስ መጣ። ሞተሩ ከፊት፣ ረጅሙ ዘንግ በመሀል፣ ዲፈረንሻሉ ከኋላ የሆነ መኪና ክብደት ይሸከማል። ዘንጉ በሚያልፍበት በኩል ወለሉ ጉብ ይላል፤ የኋላ መሀል ተሳፋሪ እግሩን አንፈራጥጦ ይቀመጣል። ሞተሩን ወደ ጎን አዙረህ የፊት ጎማ እንዲነዳ ካደረግህ ዘንጉ ይቀራል። መኪናው ይቀላል፤ ውስጡ ይሰፋል፤ ነዳጅ ይቆጥባል። ቮልስዋገን ጎልፍ ይህን በ1974 አድርጎታል።

ቶዮታ ግን አልተቻኮለም። መጀመሪያ በ1978 ተርሰል በምትባል አነስተኛ መኪና የፊት ጎማ አነዳድን ሞከረ። ቀጥሎ በ1982 በካምሪ ላይ ሞተሩን ወደ ጎን አዙሮ አየ። ኮሮላን የነካት ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1983፣ በአምስተኛው ትውልድ፣ ኢ80 ላይ። በሚሊዮን የሚቆጠር ቤተሰብ የተደገፈባትን መኪና መሞከሪያ አላደረጋትም። ጉድለቱ በሌሎች ላይ ታይቶ እስኪታረም ጠበቀ። አንዳንዱ ይህን ፍርሃት ይለዋል። እኔ ለገዢው ማሰብ ነው የምለው።

በዚያው ትውልድ ሁለት በር ያላቸው ስፖርት ቢጤዎቹ በኋላ ጎማ እንደተነዱ ቀሩ። በዓለም ላይ በተንሸራታች የመኪና ውድድር የገነነችው ኤኢ86 ከእነዚያ አንዷ ናት። ከ1987ቱ ኢ90 ጀምሮ ግን ሁሉም ተለወጠ።

የኋላ እግሯን ብቻ ተከታትለህ የኮሮላን ታሪክ ማንበብ ትችላለህ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ትውልዶች ከኋላ ድፍን አክስልና ባሌስትራ ነበራቸው፤ ልክ እንደ ፒካፕ። ኢ70 ላይ በአብዛኞቹ ሴዳኖች ባሌስትራው በሞላ ተተካ፤ አክስሉ ግን ድፍን ሆኖ ቆየ። ከኢ80 ጀምሮ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው ከፍ ዝቅ ማለት ቻለ። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው አይናወጥም። ከዚያ በ2000 ኢ120 ላይ ቶዮታ ወደኋላ ተመለሰ። በአብዛኞቹ ላይ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ተጠማዛዥ ብረት አደረገ። ርካሽ ነው፤ ቦታ አይፈጅም፤ ምቾቱ ግን ትንሽ ይቀንሳል። በመጨረሻም የአሁኑ ኢ210 ላይ ለየብቻ የሚሠራው እግር፣ በተሻለ አሠራር፣ ተመልሶ መጣ። ዕድገት ሁልጊዜ ወደፊት ብቻ አይሄድም። 80 ነጥብ የሚያወጣው ሰው አንዱን ለማሻሻል ሌላውን ይቆነጥራል።

የታይሚንጉ ነገርም እንደዚሁ ነው። ኬ ሞተር ካቴና ነበረው። ከዚያ የመጡት ኤ የሚባሉት ሞተሮች ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) ተጠቀሙ። ድምፁ ዝቅ ያለና ቀለል ያለ ነው፤ ግን በጊዜው ካልተቀየረ ይበጠሳል። ከ2000ዎቹ ወዲህ ያሉት ሞተሮች እንደገና ወደ ካቴና ተመለሱ።

ስድስተኛው ትውልድ ኢ90 እና ሰባተኛው ኢ100 ላይ ሁለት ካምሻፍትና 16 ቫልቭ ያለው ሞተር ለተራ ሰው መኪና ወረደ። ከዚያ በፊት የስፖርት መኪና ነገር ነበር። ቶዮታ ብልሃት ተጠቀመ። ቺንጋው አንዱን ካምሻፍት ብቻ ያዞራል፤ ያኛው በጥርስ ከእሱ ጋር ተያይዞ ይዞራል። ሞተሩ ጠበብ አለ፤ ነዳጅም ቆጠበ።

ካርቡራተርም በዚህ ጊዜ ቀስ በቀስ ነዳጁን በኮምፒውተር እየለካ ለሚረጨው ለኢንጀክሽን ቦታውን ለቀቀ። ለአንዳንድ ገበያዎች በተላኩት ላይ ግን ካርቡራተሩ ከዚያም በኋላ ቆይቷል። ይህ ለውጥ ለእኛ ከሌላው ዓለም በላይ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ የለመደውን ያህል ቤንዚን ያፈስሳል። ስለዚህ ያጨሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ግን በሴንሰር ለክቶ ይቀንሳል። ከአዋሽ ተነስተህ አዲስ አበባ ብትገባ ራሱን ያስተካክላል።

ኢ100 በ1991 የወጣች ናት። ለእኔ ከሁሉም ትውልድ በጥንቃቄ የተሠራችው እሷ ናት። ጃፓን በገንዘብ በሰከረችበት ዘመን ነው የተነደፈችው። መሐንዲሶቹ «ይህ ውድ ነው» የሚላቸው አልነበረም። በሩ ሲዘጋ ድምፁን ስማው፤ ክሩስኮቱን ንካው። ገበያ ላይ ስትደርስ ግን የጃፓን ኢኮኖሚ ተንኮታኩቶ ነበር። ስለዚህ በ1995 የመጣችው ስምንተኛዋ፣ ኢ110፣ ወጪ ተቀንሶባት፣ ክብደትም ተቀንሶላት መጣች። መጥፎ መኪና አይደለችም። በውስጧ ግን ቁጠባው ይታያል።

በ1997 ኮሮላ ቮልስን በልጣ በዓለም በብዛት የተሸጠ የመኪና ስም ሆነች። አንዳንድ ሰው ይህን አይቀበልም፤ ቮልስ ቅርጿን ሳትለውጥ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች፣ ኮሮላ ግን እስከዚያ ድረስ ሰባት ጊዜ ተለዋውጣለች ይላል። ክርክሩ አግባብ አለው። በ2021 ደግሞ የኮሮላ ሽያጭ 50 ሚሊዮን ደረሰ።

እሺ፣ ብረትና ቆርቆሮ።

በ2017 የአውስትራሊያና ኒውዚላንድ የመኪና ደህንነት መርማሪ ድርጅት፣ አንካፕ፣ ሁለት ኮሮላዎችን ፊት ለፊት አጋጨ። አንዷ የ1998 ሞዴል፣ አንዷ የ2015። ፍጥነታቸው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ነበር። አሮጌዋ ከ16 ነጥብ 0.40 አገኘች። ዜሮ ኮከብ ማለት ነው። አዲሷ ከ16 ነጥብ 12.93 አገኘች፤ አምስት ኮከብ። የአሮጌዋ ሾፌር ቦታ ተጨፈለቀ። በአዲሷ ውስጥ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ቅርጹን እንደያዘ ቆመ።

እና ያስተውሉ፤ እዚያ «አሮጌ» የተባለችው የ1998 ናት። ዲኤክስ ከእሷ ሃያ ዓመት ገደማ ትቀድማለች። ኤርባግ የላትም።

ሰው የሚታለለው በትንሽ ግጭት ነው። ዲኤክስን ፓራውልቷን ገጭተህ ምንም አትሆንም። አዲሷን ገጭተህ ፊቷ ሁሉ ይሰባበራል። «አየህ፣ ፕላስቲክ ናት» ይባላል። ግን የአዲሷ ፊት የተሠራው እንዲሰበር ነው። እየታጠፈ የግጭቱን ጉልበት ይበላዋል። ሰው ያለበት ክፍል ደግሞ በጣም ጠንካራ ከሆነ ብረት ነው የተሠራው፤ እንዳይታጠፍ። በአሮጌዋ ፊቷ ያልበላው ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል። መሪው ደረት ላይ፣ ሞተሩ ጉልበት ላይ ይመጣል። በትንሽ ግጭት ምንም ያልሆነችው መኪና በትልቁ ሰውን አታተርፍም። ስለዚህ አባትህን በአክብሮት ንገራቸው። ዲኤክሷን ይንዱ፤ ግን ያለ ቀበቶ አይንዱ፤ ረጅም መንገድ ላይም በፍጥነት አይንዱ። ፍሬኗንም በየጊዜው ያስፈትሹ።

ወደ ቀሪዎቹ ትውልዶች ልመለስ። በ2000 የወጣችው ኢ120 ሌላ ትልቅ እርምጃ ናት። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከ2,465 ወደ 2,600 ሚሊ ሜትር ዘለለ። ጣሪያው ከፍ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ሰው ከኋላ ጉልበቱን ሳያጥፍ ተቀመጠ። ቫልቮች የሚከፈቱበትን ሰዓት እንደ አነዳዱ የሚለዋውጥ ሞተርም በስፋት ገባ። ጥሩ መኪና ናት። አንድ የታወቀ ሕመም ግን አላት። ዜድዜድ ከሚባሉት ሞተሮች የመጀመሪያዎቹ፣ በተለይ 1.8ቱ፣ ዘይት ይበላሉ። ፒስተኑ ላይ የዘይት ፋሻው ሥር ያሉት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ በካርቦን ይደፈናሉ። ኋላ ላይ ቶዮታ አስተካክሎታል።

በ2006 አሥረኛዋ ስትመጣ ኮሮላ ለሁለት ተከፈለች። ጃፓን ውስጥ ስፋቱ ከ1 ሜትር ከ70 የሚበልጥ መኪና ወደ ከፍተኛው የታርጋ ምድብ ይገባል። መንገዳቸውም ጠባብ ነው። ስለዚህ ለጃፓን አክሲዮ የምትባል ጠባብ ኮሮላ ሠሩ። ለተቀረው ዓለም ደግሞ 1 ሜትር ከ76 የምትሰፋ። እኛ ጋ የምናያት ሰፊዋን ነው። በ2013 የመጣችው አሥራ አንደኛዋም በዚሁ መንገድ ሄደች፤ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2,700 ደረሰ፣ በብዙዎቹም ላይ ሲቪቲ የሚባለው ማርሽ አልባ ካምቢዮ ገባ።

አሥራ ሁለተኛዋ፣ የአሁኗ፣ በ2018 ብቅ አለች። ከሥር እንደ አዲስ የተሠራች ናት። ዝቅ ብላ መንገድ ትይዛለች፤ ሃይብሪድ ሞተር አላት። ለአዲስ አበባ መጨናነቅ ሃይብሪዱ ልክ ነው፤ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ባትሪውን ይሞላል፣ ቆመህ ስትጠብቅ ሞተሩ ይጠፋል።

ሃይብሪድን ሳነሣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ውስጥ ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በጋራ ያቆሙት ፋብሪካ ነበር። ለዓመታት ኮሮላ ሲያመርት ኖሮ በሚያዝያ 2010 ተዘጋ። የመጨረሻዋ የወጣች መኪና ቀይ ኮሮላ ነበረች። ዛሬ ያ ፋብሪካ የቴስላ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ይወጣበታል። የእኛም አገር በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ አግዷል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. (ይህም በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። ስለዚህ የምትመርጠው አገር ውስጥ ካሉት ነው። ዋጋው የተሰቀለበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

እኔ ብሆን አሥረኛዋን፣ ከ2007 እስከ 2013 ያለችውን ሰፊዋን እገዛለሁ። 1.6 ወይም 1.8 ሞተር፣ ማኑዋል ወይም የተለመደው ባለ አራት አውቶማቲክ። ሞተሯ ካቴና ነው፤ የዘይት ሕመሙ የለባትም። መካኒኩ ሁሉ ያውቃታል፤ መለዋወጫዋ ሞልቷል። የደህንነቷ ደረጃም ከ90ዎቹ በብዙ ይሻላል። የውሃ ፓምፗ ማፍሰስ ትወዳለች፤ እሱን አስፈትሽ።

ብሩ ካልበቃህ ኢ120 ያዝ። ግን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ አንተ ራስህ ሄደህ አስነሣው። ባለቤቱ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ሲነሣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ካየህ፣ ወይም ካሞቅከው በኋላ ጋዝ ሰጥተህ ለቀህ እንደገና ስትሰጥ ካጨሰ፣ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ሞተር የማሠሪያውን ዋጋ ከዋጋው ላይ አስቀንስ ወይም ተወው።

አሥራ አንደኛዋን ካገኘህ የካምቢዮ ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ። ሲቪቲ የራሱን ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሌላ ዘይት ከተጨመረበት ይበላሻል፤ ጥገናውም ውድ ነው። ዳገት ላይ ስትነዳት ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልተነሣች፣ ወይም ስትንቀሳቀስ የምትንገጫገጭ ከሆነ፣ ተዋት። ለሃይብሪድ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለው የባትሪ ማቀዝቀዣ መግቢያ በአቧራ እንዳልተደፈነ እይ። ብዙ ባትሪ የሚሞተው በሙቀት ነው።

የትኛዋንም ብትመርጥ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራስህ አስተያይ። ቀን ብርሃን ላይ የበሮቹን ክፍተትና ፖርቶባጋሉ ሥር ያለውን ወለል ተመልከት። ተጋጭታ የተቀጠቀጠች መኪና ከላይ ስትታይ ልታምር ትችላለች፤ ያ ጉልበት የሚበላው ፊት ግን አንዴ ከታጠፈ በኋላ በመዶሻ አይመለስም።